ስኳር ላለበት ሰው ልብ የቱ ይሻላል? ካፕሱል፣ ቅመም፣ የማር ድብልቅ ወይስ ክኒን

እማዬ ለቀጠሮ ከቢቸና ደብረ ማርቆስ ስትመጣ አንድ ጥቁር ፌስታል አይለያትም። ባለፈው ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። በጨርቅ የተቋጠረ እርድ አለ። የጥቁር አዝሙድ ዘይት በትንሽ ብልቃጥ አለ። «ለልብ፣ ለስኳር፣ ለግፊት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ካፕሱል አለ። የሽፈራው ዱቄት አለ። ከማር ጋር የተለወሰ፣ ውስጡ ምን እንዳለ የማይነገር ድብልቅ በማርማላታ ጠርሙስ አለ። ሐኪም ያዘዘላት የስኳር ክኒኖች፣ ሜትፎርሚኗና ግሊበንክላማይዷ፣ ከሁሉ ሥር ተጨማደው ተገኙ።

«የትኛውን ነው የምትወስጂው?» አልኳት።

«ሁሉንም ነዋ! አንዱ ባይዝ አንዱ ይይዛል።»

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የሚያነብ ልጅ ነኝ። ያን ቀን ግን ፌስታሉን በመልክ በመልኩ መለየት እንዳለብኝ ገባኝ። ይህ ጽሑፍም ቤቱ እንዲህ ያለ ፌስታል ላለው ሰው ነው።

መጀመሪያ ጭሱን እንወቅ

ስኳር በሽታ ልብን የሚጎዳው ደም ሥር በመድፈን ብቻ ይመስለን ነበር። በ1972 እ.ኤ.አ. ሩብለርና አብረው የሠሩ ሐኪሞች የአራት ስኳር ሕመምተኞችን ታሪክ ጻፉ። የልባቸው ደም ሥር አልተዘጋም፤ ልባቸው ግን ደክሞ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ከአሜሪካዋ ፍራሚንግሃም ከተማ የወጣ ጥናት ነገሩን በቁጥር አስቀመጠው። ስኳር ያለባቸው ወንዶች በልብ ድካም የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው 2.4 እጥፍ ነበር። የሴቶቹ 5 እጥፍ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እማዬ ስትመጣ መጀመሪያ የማየው እግሯን ነው፤ አብጦ እንደሆነ።

ውስጥ ምን ይሆናል? ምድጃ አስቡ። እንጨቱ በልኩ ሲማገድ ይነዳል። አፉ ድረስ ሲታጨቅ ይጨሳል። በልብ ሴል ውስጥ ያለው ምድጃ ሚቶኮንድሪያ ይባላል። ስኳርና ስብ ከልክ በላይ ሲጎርፉበት እሱም ይጨሳል። ጭሱ ፍሪ ራዲካል የሚባለው ነው። ሰውነት የራሱ ጭስ ማውጫ አለው። ጭሱ ከማውጫው አቅም ሲያልፍ ኦክሲደቲቭ ስትረስ ይሉታል። ይህ ለዓመታት ሲቆይ የልብ ጡንቻ ጠባሳ ያወጣል፣ ይደነድናል፣ በምት መሀል እንደ ድሮው መላላት ያቅተዋል።

ዕፅዋት ውስጥ ይህን ጭስ የሚቀንሱ ውህዶች አሉ። እርድ ኩርኩሚን አለው፤ ጥቁር አዝሙድ ታይሞኪኖን፤ ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥ አሊሲን፤ ቡናችን ክሎሮጀኒክ አሲድ። ብዙዎቹ ጭሱን ራሳቸው እየለቀሙ የሚያጠፉ አይደሉም። ኤንአርኤፍ ቱ የሚባለውን የሴል ማዘዣ ቀስቅሰው ሰውነት የራሱን ማውጫ እንዲያሰፋ ያደርጋሉ። ስትሬፕቶዞቶሲን ተወግተው ስኳር እንዲይዛቸው የተደረጉ አይጦች ልባቸው ተሻለው የሚል ጥናት ሞልቷል። ሻጩ የሚጠቅሰው ይህንኑ ነው። አልዋሸም። የአይጥ መሆኑን ግን አይነግራችሁም።

«ጭሱን የሚያጠፋ ነገር ከተገኘ ልቡ ይድናል» የሚለው ሐሳብ በሰው ላይ ተሞክሯል። በ2000 እ.ኤ.አ. ሆፕ የተባለው ጥናት ውጤቱን አሳወቀ። ከ9,500 በላይ የልብ ሕመም ያለባቸው ወይም የሚያሰጋቸው ሰዎች ተሳትፈውበታል፤ ብዙዎቹ ስኳርም ነበረባቸው። ገሚሱ በየቀኑ 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ወሰዱ። ቫይታሚን ኢ ደህና አንቲኦክሲዳንት ነው። ልባቸውን ግን ምንም አልጠቀመም። ክትትሉ ቀጠለና በ2005 እ.ኤ.አ. የባሰ ነገር ታየ፤ ቫይታሚኑን የወሰዱት በልብ ድካም የመያዝ ዕድላቸው ጨመረ። ፍሪ ራዲካል ጠላት ብቻ አይደለም። ሰውነት በልኩ ለመልእክት ይጠቀምበታል። እናም ካፕሱል ላይ «አንቲኦክሲዳንት» የሚል ቃል ሳይ መግዣ ምክንያት አይሆነኝም።

በምን እንመዝን

እኔ የማየው አምስት ነገር ነው። በሰው ላይ፣ በተለይ በልብ ላይ፣ ታይቷል? መጠኑ ይታወቃል? ከምትውጡት ክኒን ጋር ይጣላል? ከምን ጋር ሆኖ ነው ወደ ሆድ የሚገባው፤ ማር፣ ስኳር፣ ጨው፣ ቅቤ? የመጨረሻው የኪስ ነው፤ ዓመት ከዓመት ይዘለቃል? ስኳር በሽታ የዕድሜ ልክ ስለሆነ የሁለት ወር ወኔ አያዋጣም።

አራተኛውን ሰው ይረሳዋል። እኛ አገር ብዙ መድኃኒት የሚዋጠው ከሌላ ነገር ጋር ነው።

ካፕሱሉ

የእርድ ካፕሱልን እንውሰድ፤ ብዙ የተጠናው እሱ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ታይላንድ ውስጥ ስኳር ሊይዛቸው ጫፍ ላይ የነበሩ 240 ሰዎች ለዘጠኝ ወር ተፈተኑ። ኩርኩሚን ከወሰዱት ውስጥ አንድም ሰው ወደ ስኳር በሽታ አልተሻገረም። ባዶ ካፕሱል ከተሰጣቸው 16.4 በመቶው ተሻገሩ። ደስ የሚል ውጤት ነው። ግን እነዚህ ገና ያልታመሙ ሰዎች ናቸው፤ የተለካውም ልባቸው ድካም ይዞት እንደሆነ አይደለም።

ኩርኩሚን ሌላም ጣጣ አለው። አንጀት አያሳልፈውም። በ1998 እ.ኤ.አ. ቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፓይፐሪን አብሮ ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው 20 እጥፍ እንደሚጨምር ታየ። ከዚያ ወዲህ አምራቾች ሁለቱን ይቀላቅላሉ። ችግሩ ፓይፐሪን በር ሲከፍት ለኩርኩሚን ብቻ አይከፍትም፤ የሌላ መድኃኒትም መጠን ደም ውስጥ ከፍ ሊል ይችላል። እንዲህ ካለ ካፕሱል ጋር የተያያዘ የጉበት ጉዳትም ተመዝግቧል። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቆረ ሰው ካፕሱሉን እዚያው ትቶ ሐኪም ጋ ይሂድ።

ሌላው ስጋት ማንም ሳያውቀው የሚጨመረው ነው። «ንጹሕ የተፈጥሮ» ተብለው የተሸጡ የስኳር ካፕሱሎች ውስጥ ግሊበንክላማይድ ተደባልቆ የተያዘባቸው አገሮች አሉ። ያኔ «ወዲያው ሠራልኝ!» ትላላችሁ። የሠራው ያው ክኒን ነው። በላዩ የራሳችሁን ስትጨምሩበት ስኳሩ ይወድቃል።

ቅመሙ

እዚህ ቆም ልበል፤ ሁላችንም ቤት ያለው ይህ ነው።

ጥቁር አዝሙድ ከሁሉ የተሻለ የሰው ማስረጃ ካላቸው አንዱ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ሳዑዲ ውስጥ 94 የስኳር ሕመምተኞች ክኒናቸውን ሳያቋርጡ ለሦስት ወር በቀን 1፣ 2 ወይም 3 ግራም ወሰዱ። ሁለት ግራም የወሰዱት የጾም ስኳራቸውም የሦስት ወር አማካያቸውም (ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው) ወረደ። አንድ ግራም የወሰዱት ለውጣቸው ትንሽ ነበር። ሦስት ግራም ከሁለት ግራሙ የተለየ ጥቅም አልሰጠም። ጭማሪ ጥቅም አይጨምርም ማለት ነው። ሁለት ግራም ያልሞላች የሻይ ማንኪያ ናት። እማዬ በእፍኝ ነበር የምትቅመው። ደግሞ እነዚያ ሰዎች የወሰዱት ከክኒን ጋር ነው፤ በክኒን ፋንታ አይደለም።

ነጭ ሽንኩርት ላይ አንድ ብልሃት አለ። አሊሲን ራሱ ውስጡ የለም፤ ሽንኩርቱ ሲደቅ ነው የሚፈጠረው። ሙቀጫ ውስጥ ወቅጣችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ተዉት፤ ከዚያ ወጡ ውስጥ ጨምሩት። ሳይወቀጥ ፈላ ዘይት ውስጥ ከገባ የሚፈጥረው ኢንዛይም ይሞታል፤ ሽታው ይቀራል እንጂ። ግፊትን በትንሹ ይቀንሳል። ደምም ያቀጥናል። እንደ ዋርፋሪን ወይም አስፒሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ወይም ለቀዶ ሕክምና የተቀጠረ ሰው ጥሬውን በብዛት አይብላ።

እርድን እስቲ እናስላው። አይጥ ላይ በኪሎ 100 ሚሊ ግራም ኩርኩሚን ተሰጠ እንበል። የአይጥን መጠን ወደ ሰው ለመመለስ በ6 ገደማ ይካፈላል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 970 ሚሊ ግራም ይመጣል። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን 3 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ በቀን 32 ግራም እርድ ያስፈልጋል፤ አሥር የሻይ ማንኪያ ገደማ። ማን ይበላዋል? አልጫ ላይ ጣል የምናደርጋት እርድ ለጣዕም ትሁን። ስትገዙ ግን ያልተፈጨውን ግዙና ራሳችሁ አስፈጩ። በ2019 እ.ኤ.አ. ባንግላዴሽ ውስጥ እርድ ቢጫው እንዲደምቅ የሊድ ክሮሜት ቀለም እንደሚጨመርበት ተረጋግጧል። ሊድ መርዝ ነው። በጣም የደመቀ የተፈጨ እርድ ካያችሁ አትጓጉ።

አብሽ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ግማሽ ያህሉ አሰር ነው። ሆድ ውስጥ ይለጠልጥና ስኳር ቀስ እያለ እንዲገባ ያደርጋል። ጥሩ ነገር ነው፤ ስኳር ወይም ማር ተመትቶበት ካልተጠጣ። ክኒንንም ስለሚያዘገይ ሁለት ሰዓት ያህል አራርቁት። ነፍሰ ጡር ሴት በመድኃኒት መጠን አትውሰደው።

ሽፈራውና ቀረፋን በአጭሩ፦ ሽፈራው ደህና ቅጠል ነው፤ ልብ ላይ ግን በሰው የታየ ማስረጃ የለውም ማለት ይቻላል። ገበያ ላይ የሚበዛው ወፍራም ቀረፋ ኩማሪን አለው፤ በየቀኑ በማንኪያ ሲወሰድ ጉበት ይነካል። ሻይ ውስጥ አንድ ስንጥር ምንም አይልም።

የማሩ ድብልቅ

በባህል ሕክምና አልቀልድም። ጎጃም ውስጥ ዕፅ የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ ዕውቀታቸውም ከአባት ከአያት የመጣ ነው። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ግን ይህኛው ምርጫ ከአምስቱ በአራቱ ይወድቃል። ውስጡ ያለው ስለማይነገር ከክኒን ጋር ይጣላ አይጣላ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። መጠኑ «በማንኪያ» ነው። ማሩ ደግሞ ያው ስኳር ነው፤ የጎጃም ነጭ ማር ቢሆንም።

እኛ ቤት የደረሰውን ልንገራችሁ። ድብልቁን የሸጠላት ሰው «ይህን ስትጀምሪ ክኒኑን ተዪው፤ ይጣላል» አላት። ሦስት ሳምንት ተወችው። ቀጠሮዋ ቀን ስኳሯ 340 ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ለማንም የምናገረው አንድ ነገር ነው፤ ክኒን አቁሙ የሚል ሻጭ የትኛውንም ዕፅ ይዞ ቢመጣ አትግዙት።

መሶቡ

ጎጃም ውስጥ ያለ ሰው ከአይጥ ጥናት ይልቅ ግብጦን ቢያስብ ደስ ይለኛል። አዊና ምዕራብ ጎጃም ያደገ ሰው ያውቀዋል። ከክብደቱ ከሢሶ በላይ ፕሮቲን ነው፤ አሰሩም ብዙ ነው። ሆድ ይይዛል፣ ስኳር ቶሎ አያወጣም። ጋማ ኮንግሉቲን የሚባለው ፕሮቲኑ የደም ስኳር እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ።

አዘገጃጀቱ ላይ ግን ቀልድ የለም። ይቆላል፣ ከዚያ ለቀናት ወራጅ ውኃ ውስጥ ይነከራል፣ ምሬቱ እስኪለቅ። ምሬቱ ሉፓኒንና ስፓርቴን የሚባሉ አልካሎይዶች ናቸው። አፍ ያደርቃሉ፣ ዓይን ያደበዝዛሉ፣ የልብ ምት ያዛባሉ። «መድኃኒቱ ምሬቱ ላይ ነው» ብሎ የተነከረበትን ውኃ የሚጠጣ የልብ ሕመምተኛ በገዛ ልቡ እየተጫወተ ነው። ቀምሳችሁ ከመረረ መልሱት። የታጠበውንም ጨው ሳትነሰንሱ ብሉ። ለውዝ የማይስማማው ሰው ግብጦም ላይስማማው ይችላል።

ሌላው ዘይት ነው። የሚረጋውን ዘይት በኑግ መተካት ለልብ ከየትኛውም ካፕሱል የተሻለ ወጪ ይመስለኛል፤ ኑግ አብዛኛው ስቡ የማይረጋው ዓይነት ነው። ጎመን በየቀኑ ቢኖር ጥሩ። ዋርፋሪን የምትወስዱ ግን ዛሬ ብዙ ነገ ምንም አታድርጉ፤ እኩል እኩል ይሁን። ጤፍ ስኳር አያወጣም የሚለውን ግን ተዉት። እንጀራ ያው እንጀራ ነው፤ ቁምነገሩ ስንት ነው የሚለው ላይ ነው። ቡና ያለ ስኳር ይጠጣ።

ክኒኑም ከዕፅ ነው

ይህን ስነግራት እማዬ ገርሟታል። የሜትፎርሚን ምንጩ ጋሌጋ የምትባል የአውሮፓ ዕፅ ናት። ሐኪሙ ዣን ስተርን በ1957 እ.ኤ.አ. ለሰው ማከሚያ አዋለው። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዞቹ ትልቅ ጥናት ክብደት ባላቸው ስኳር ሕመምተኞች ላይ የልብ ድንገተኛ ሕመምን በ39 በመቶ ቀነሰ አለ።

ሌላው የፖም ዛፍ ነው። በ1835 እ.ኤ.አ. ኬሚስቶች ከፖም ሥር ልጣጭ ፍሎሪዚን የሚባል ውህድ አወጡ። ስኳርን በሽንት ያስወጣል፤ ግን እንዳለ ለመድኃኒትነት አልተመቸም። ብዙ ቆይቶ መዋቅሩ ተለውጦ ኤምፓግሊፍሎዚንና ዘመዶቹ ተሠሩ። በ2015 እ.ኤ.አ. ከ7,000 በላይ የስኳርና የልብ ሕመም አብሮ ያለባቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር በልብ ሰበብ መሞት በ38 በመቶ፣ ለልብ ድካም ሆስፒታል መግባት በ35 በመቶ ቀነሰ። ዋጋው ከሜትፎርሚን ጋር አይወዳደርም። አቅሙ ላለው፣ በተለይ እግሩ ለሚያብጥና ትንፋሽ ለሚያጥረው፣ ሐኪሙን «ይህ ለኔ ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል።

| ምርጫ | በሰው ልብ ላይ የታየ | መጠኑ | ከክኒን ጋር | አብሮ የሚገባው | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ካፕሱል | አልታየም፤ ስኳር ላይ ትንሽ | ወረቀቱ ላይ አለ፣ ውስጡ ያጠራጥራል | ይጣላል | አንዳንዴ ፓይፐሪን፣ ሌላም | ከባድ |
| ጥቁር አዝሙድ | ስኳር ላይ አለ፣ ልብ ላይ ገና | 2 ግራም | ስኳር ሊያወርድ ይችላል | ማር ካልተጨመረ ምንም | ቀላል |
| ነጭ ሽንኩርት | ግፊት ላይ ትንሽ | በወጥ ልክ | ከደም ማቅጠኛ ጋር ይጣላል | ዘይትና ጨው | ቀላል |
| አብሽ | ስኳር ላይ ትንሽ | ይለያያል | ክኒን ያዘገያል | ስኳርና ማር | ቀላል |
| የማር ድብልቅ | የለም | አይታወቅም | አይታወቅም | ማር | ይለያያል |
| ግብጦ፣ ጎመን፣ ኑግ | እንዲህ ያለ አመጋገብ ይረዳል | በምግብ ልክ | ጎመን ከዋርፋሪን ጋር ጥንቃቄ | ጨው | ቀላል |
| ሜትፎርሚን | አለ | ሐኪም ያዘዘው | ኩላሊት ይታያል | ምግብ | ቀላል |
| ኤምፓግሊፍሎዚን | ጠንካራ | ሐኪም ያዘዘው | በጾምና በውኃ ጥም ጥንቃቄ | ውኃ | ከባድ |

እንግዲህ ለማን ምን?

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ደብተር ካላችሁና ገንዘብ ከሌላችሁ፣ ለካፕሱል የምታወጡትን ለትራንስፖርት አድርጉት። ቀጠሮ አትዝለሉ። ግፊታችሁን አስለኩ። ስታቲን (የኮሌስትሮል መቀነሻ ክኒን) ያስፈልገኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከቤት ግብጦ፣ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት በቂ ነው።

ገና ስኳራችሁ ጫፍ ላይ ነው ከተባላችሁ፣ ክኒን ካልጀመራችሁ፣ ቅመም የመሞከር ነፃነት ያላችሁ እናንተ ናችሁ። አንድ በአንድ ሞክሩ። ጥቁር አዝሙድ ከሆነ በሻይ ማንኪያ፣ ለሦስት ወር፣ ከዚያ የሦስት ወሩን አማካይ አስመርምሩ። ካልወረደ ተዉት። አምስት ነገር ባንዴ ጀምሮ የትኛው ሠራ ብሎ ማወቅ አይቻልም።

ግሊበንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ጾመኛ ጉዳይ ለብቻው ነው። ዐቢይ ጾም ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ፣ ጠዋት ክኒን ውጦ፣ በላዩ ጥቁር አዝሙድ ቅሞ ቅዳሴ መቆም ያስወድቃል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት ሲመጣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ። የክኒኑን ሰዓት ጾሙ ሳይገባ ከሐኪም ጋር፣ ጾሙን ከንስሐ አባት ጋር ተነጋገሩ። ኤምፓግሊፍሎዚን የሚወስድም እንደዚሁ።

ልባቸው ደክሟል የተባሉ፣ ዋርፋሪን ወይም ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስዱ፣ ኩላሊታቸው የተነካ፦ ከወጥ ቅመም በላይ የሆነ ነገር ሁሉ ይቅርባችሁ።

ለሁላችሁም ደግሞ፣ ወደ ቀጠሮ ስትሄዱ ፌስታሉን እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ። በስም ከመንገር ማሳየቱ ይሻላል። እኛ ያን ቀን እንደዚያ አደረግን። ነርሷ አንድ በአንድ እያነሳች አየችው። ካፕሱሉ እዚያው ቀረ። እርዱና አዝሙዱ ወደ ጓዳ ተመለሱ። ሽፈራው ለጎረቤት ተሰጠ። የማሩን ጠርሙስ ግን እማዬ ከእጄ ነጥቃ ነጠላዋ ውስጥ ወሸቀችው።

«እሱስ?» አልኳት።

«ለእንግዳ ነው» አለችኝ።